የሻንሲ ቁጥሩ እጄ ላይ ነበር

ሊብሬውን ደላላው ሲያቀብለኝ የባለቤቱን ስምና መኪናዋ የተሠራችበትን ዓመት አየሁና መለስኩለት። እዚያው ላይ የሻንሲ ቁጥሩም ተጽፎ ነበር። ዓይኔ አርፎበታል፤ አላነበብኩትም። ለማንበብ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ያን ግማሽ ደቂቃ በመንፈጌ አንዲት እናት የዕድሜ ልክ ጥሪታቸውን አጡ፤ ልጃቸው ደግሞ ያላጠፋችውን ጥፋት ተሸክማ ዓመታት ኖረች። ያሸከምኳት እኔ ነኝ።

ነገሩ የሆነው በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ነው። አዲሱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ገና መውጣቱ ነበር። አዋጁ ያገለገሉ መኪኖችን፣ በተለይ ዕድሜያቸው የገፋውን፣ ከውጭ ማስገባት በጣም ውድ ስላደረገው፣ አገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎች ዋጋቸው በየሳምንቱ ይወጣ ጀመር። ዛሬ ያልገዛ ነገ አይደርስበትም የሚባልበት ሰሞን ነው። እትዬ (ሰፈርተኛው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው፤ እኔም ሌላ ስም አላነሳም) በነርስነት ዕድሜያቸውን ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ባለቤታቸው ያረፉባቸው ሴት ናቸው። ልጃቸው ቃሊቲ ትሠራለች፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት። ገና ሳይነጋ ወጥታ የታክሲ ሰልፍ ላይ ትቆማለች፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሱት አያት ናቸው። እትዬ ጉልበታቸው እየደከመ ሲሄድ «ትንሽ መኪና ልግዛላትና ልጆቿን ራሷ ታድርስ» ብለው ቆረጡ። ባለቤታቸው የተዉትን፣ ዕቁባቸውንና ከዘመድ የተበደሩትን ሰብስበው 550 ሺህ ብር ያዙ። ከዚያ እኔ ቤት መጡ።

እኔ ዘንድ የመጡት ዝም ብለው አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት ቪትዝ ነድቻለሁ። በሰፈራችን «ቪትዝ ከሆነ እሱን ጠይቁ» ይባል ነበር። የእኔዋ የመጀመሪያው ሞዴል ናት፤ አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ብለው የሚሸጧት፣ 1000 ሲሲ፣ ማርሿ በእጅ የሚገባ። ይህችን መኪና ከልቤ እወዳታለሁ። ቅርጿን ያወጣው ሶቲሪስ ኮቮስ የሚባል ግሪካዊ ነው፤ በ2000 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተመርጣለች። ርዝመቷ አራት ሜትር አይሞላም፤ ውስጧ ግን አምስት ሰው ይይዛል፤ የኋላ በሯን ከፍተህ ወንበሩን ብታጥፈው ጤፍ በኩንታል ይገባል። ደግሞ የራሷ የሆነ ጠባይ አላት። የፍጥነት መለኪያዋ እንደ ሌላው መኪና ከመሪው ጀርባ አይደለም፤ ዳሽቦርዱ መሐል ላይ ነው። መጀመሪያ የሚነዳት ሰው ከመሪው ኋላ ባዶ ላስቲክ ሲያይ ግራ ይገባዋል። ከሳምንት በኋላ ግን ሌላ መኪና ላይ ሲቀመጥ ነው ግራ የሚገባው። ሁለተኛው ሞዴልም ይህን ጠባይ ይዞ ቀጥሏል። የመለኪያው መሐል መሆን ለፋብሪካው ይመቻል፤ መሪው በቀኝ ለሆነበት አገርም በግራ ለሆነበት አገርም መኪናዋን ለማዘጋጀት ብዙ መለወጥ አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ላወቀበት ሰው ይህ አንድ ነገር ይነግረዋል፤ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ቪትዝ ዳሽቦርዷን በማየት ብቻ በቀላሉ አትለይም። በሌሎች መኪኖች መሪው ሲዛወር የመለኪያው ቤትም አብሮ መዛወር ስላለበት የእጅ ሥራ ምልክት ይተዋል። ቪትዝ ላይ ግን መለኪያው ካለበት ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ቪትዝ የሚያይ ሰው ከማንም የበለጠ ወረቀቱን ማንበብና ከሥር መግባት አለበት።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን ሄድን፤ እትዬ፣ ልጃቸውና እኔ። መኪናዋ ስድስት ኪሎ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ታጥባ ቆማለች። የሁለተኛው ሞዴል፣ የ2007 እ.ኤ.አ. ሥሪት፣ 1300 ሲሲ፣ አውቶማቲክ። ደላላው «ከቤልጂየም የመጣች ናት» አለ። ሥራዬን ጀመርኩ። ላሜራውን በጣቴ አንኳኳሁ፤ ስቱኮ የበዛበት ቦታ እንዳለ ብዬ ማግኔት አስጠጋሁ፤ ሁሉም ቦታ ያዘ። ኮፈኑን ከፍቼ የሞተር ዘይቱን መዝዤ አየሁ። የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ ውሃው ውስጥ ዘይት አለመኖሩን አረጋገጥኩ። በቀዝቃዛው አስነስቼ ማርሚታው ላይ እጄን ዘርግቼ ጭሱን አሸተትኩ። ሞተሯ ደህና ነበር፤ ይህን ዛሬም እመሰክራለሁ። ደላላው ቆሞ ያየኛል፤ እትዬ ቆመው ያዩኛል። ሰዎች እያዩህ ስታንኳኳና ስታሸት የምታውቅ መስለህ ለራስህም ትታያለህ። እኔን የያዘኝ ይህ ነው።

ልጃቸው ዝም ብላ ስትከታተል ቆይታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ ጋራዥ ወስደን ከሥር ብናሳያትስ?»

ይህን ያለችው በሕይወቷ መኪና ኖሯት የማታውቅ፣ መንጃ ፈቃዷን ካወጣች ሦስት ወር ያልሞላት ልጅ ናት። ከሦስታችን ትክክለኛውን ነገር የተናገረችው እሷ ነበረች። ደላላው ሌላ ገዢ ለሰባት ሰዓት መቀጠሩን ነግሮን ነበር፤ ለእሷ የሰጠኋት ምክንያት እሱን ነው። እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። ጋራዥ እንሂድ ማለቷ እኔን መጠራጠር መስሎ ተሰማኝ። «አያስፈልግም፣ እኔ አይቻታለሁ» አልኳት። አንገቷን ደፍታ ዝም አለች።

ወደ ሽሮ ሜዳ አቅጣጫ ነድቼ ሞከርኳት። ዳገቱ ላይ ቆሜ ስነሳ መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፤ የሚገፋት ነገር ይዞ ለቀቅ፣ ይዞ ለቀቅ እንደሚያደርግ ዓይነት። ሁለተኛ ሞከርኩ፤ ደገመችው። እትዬ ከኋላ ሆነው «ይሄ መንቀጥቀጥ ምንድነው?» አሉ። መልሱን አላውቀውም ነበር። «ሞተሩን የሚሸከመው ጎማ ነው፤ ርካሽ ነው፤ ይቀየራል» አልኩ። ዳገቱን ስትወጣ መልፈስፈሷንም ለከፍታው ሰጠሁት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ኃይሉ እንደሚቀንስ እውነት ነው። በማውቀው እውነት የማላውቀውን ሸፈንኩበት።

የዚህችኛዋ ካምቢዮ ሲቪቲ የሚባለው ነው፤ እሱን በስም እንጂ በግብር አላውቀውም ነበር። የእኔዋ መኪና ተራ ማርሽ ናት። ሲቪቲ ውስጥ የሚቀያየሩ ማርሾች የሉም፤ ሁለት ፑሊዎች አሉ፣ በመሐላቸው የብረት ቀበቶ ይሮጣል። ፑሊዎቹ እየጠበቡና እየሰፉ ፍጥነቱን ይለዋውጣሉ። ቀበቶው ፑሊውን የሚይዘው ለእሱ ተብሎ በተሠራው ዘይት ነው፤ በዚያ ዘመን ሥሪቶች ላይ ቶዮታ የሚያዘው ሲቪቲ ፍሉይድ ቲሲ የሚባለውን ነው። በእሱ ፈንታ የተራ አውቶማቲክ ዘይት ሲገባበት ቀበቶው ይንሸራተታል፣ ፑሊውን ይፍቀዋል፤ መኪናዋ ስትነሳና ዳገት ስትይዝ ትንቀጠቀጣለች። በስድስት ኪሎ ዳገት ላይ የተሰማኝ ይኸው ነበር። ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ግልጽ ምልክት አልነበረም።

ሰኞ ውልና ማስረጃ ሄድን። እኔ ምስክር ሆኜ ፈረምኩ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው የሚከብደኝ። አለማወቅ ይቅር የሚባል ነገር ነው፤ ሰው ሁሉን አያውቅም። እኔ ግን ልጅቷ እያንዳንዱን ነገር ስትነግረኝ መልሼ በእሷ ላይ አዞርኩባት።

መጀመሪያ የመጣችው ስለ መብራት ነበር። «ጋሼ፣ ማታ ስነዳ ከፊት የሚመጡት ሁሉ ረጅም መብራት ያበሩብኛል። ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ። «ረጅሙን ሳታጠፊ እየነዳሽ ይሆናል» አልኳት። አጭር መብራት ላይ መሆኗን ነግራኝ ነበር። ጃፓን ውስጥ መኪና የሚሄደው በግራ በኩል ነው፤ ለዚያ የተሠራ የፊት መብራት አጭር ሲሆን ጨረሩን ወደ ግራ ጠርዝ ከፍ ያደርጋል። በእኛ አገር በግራ በኩል ያለው ከፊት የሚመጣው ሹፌር ዓይን ነው።

ክረምት ሲገባ የዝናብ መጥረጊያውን ነገረችኝ። መስታወቱ ላይ በግራዋ በኩል፣ ልክ ከፊት ለፊቷ፣ ሳይጠረግ የሚቀር ጥግ አለ። «ጎማውን አስቀይሪ» አልኳት። አስቀየረች፤ ጥጉ ግን እንደነበረ ቀረ። መጥረጊያው ሾፌሩ በቀኝ ይቀመጣል ተብሎ የተተከለ ስለሆነ ጎማው ቢቀየር ለውጥ የለውም።

ከዚያ ፍሬኑን። «ስረግጠው መጀመሪያ ባዶ ይሆንብኛል፣ ትንሽ ወርዶ ነው የሚይዘው» አለች። ይህን ስሰማ እንኳ ተነስቼ አላየሁም። «ገና አልለመድሽውም» አልኳት። የሁለት ልጆች እናት ልጆቿን ከኋላ አስቀምጣ የምትነዳውን መኪና ፍሬን ስትጠራጠር «አልለመድሽውም» አልኳት። ሌሊት ከእንቅልፌ የሚያነቃኝ ይህ ቃል ነው።

በስምንተኛው ወር መኪናዋ ዳገት ላይ እንቢ አለች። ሞተሩ ይጮኻል፤ ጎማው አይዞርም። ተጎትታ ገባች። እትዬ ሴቶች ብቻቸውን ጋራዥ ሲሄዱ ይታለላሉ ብለው እኔን ላኩኝ። መካኒኩ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ምንም ሳይነኩ በፊት «ሊብሬዋን አምጣ» አሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው የሻንሲ ቁጥሩን አነበቡና «ይቺ ለጃፓን የተሠራች ናት» አሉ። ቁጥሩ የሚጀምረው ኤስሲፒ90 ብሎ ነው። ይህ በጃፓን ለአገር ውስጥ ገበያ የተሠራችው 1300 ሲሲ ቪትዝ መለያ ነው። ለአውሮፓ የተሠሩት አሥራ ሰባት ፊደልና አኃዝ ያለው ቁጥር ይይዛሉ፤ ፈረንሳይ ውስጥ ቫለንሲየን አጠገብ ካለው ፋብሪካ የወጡት ቪኤንኬ ብለው ይጀምራሉ። ከቤልጂየም መጣች የተባለችው መኪና ጃፓን በቀኝ መሪ ተነድታ፣ ከዚያ መንገድ ላይ መሪዋ ተዛውሮላት የገባች ናት። ዱባይና ሻርጃ ይህን ሥራ የሚሠሩ ጋራዦች እንዳሉ በመኪና ንግድ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ክሪክ አስገብተው አነሷት። ከዳሽቦርዱ በታች ያለውን ሽፋን ፈትተው በባትሪ አሳዩኝ። ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል የሚለየው ላሜራ ተቆርጦ ተበይዷል። የፍሬን ሰርቮው አልተዛወረም፤ በቀኝ በኩል እንደነበረ ነው። ከግራው ፔዳል እስከ እሱ ድረስ በዳሽቦርዱ ሥር አንድ የብረት ዘንግ ተዘርግቷል፤ የዘንጉ መገጣጠሚያ ተበልቶ ይንቀጫቀጫል። ፔዳሉ መጀመሪያ ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነበር። ሽማግሌው ዘንጉን በእጃቸው ወዲያ ወዲህ እያሉ «ይህን ማን አየላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አላውቅም» አልኳቸው።

ከጋራዡ ወጥቼ በውሉ ላይ ወደተጻፈው የሻጩ ስልክ ደወልኩ። ሰውየው አልሸሸኝም። መሪዋ የተዛወረ መሆኑን ለደላላው ነግሮት እንደነበር፣ እኛም የምናውቅ መስሎት ዝም እንዳለ፣ የካምቢዮውን ዘይት ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ «ለአውቶማቲክ የሚሆነውን» እንዳስሞላ ነገረኝ። ያ ስልክ ቁጥር ከመፈረማችን በፊትም ወረቀቱ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ብደውል ኖሮ ሁሉንም እሰማ ነበር።

ካምቢዮ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ያገለገለው እንኳ የተጠየቀበት ዋጋ እትዬ ከነብድራቸው ሊደርሱበት የማይችሉት ነበር። ወደ ቤታቸው ስመለስ እውነቱን ለመናገር አስቤ ነው የገባሁት። እትዬ ቡና አፍልተው ይጠብቁኛል። አፌን ሳልከፍት «እኔ አውቀዋለሁ፤ ከልጄ አነዳድ ነው። አንተማ ደህና አድርገህ ነው ያየህልን» አሉኝ። ልጃቸው በሩ ጋ ቆማለች።

እኔም አልኩ፦ «ሲቪቲ አዲስ ሹፌር አይወድም።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ነው የጻፍኩት። ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ የተናገርኩት ነው። ልጅቷ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ውስጥ ገባች። መኪናዋ ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ቆመች። እትዬ ለቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም ሰው ስለ መኪናዋ ሲጠይቃቸው «ልጄ ናት ያበላሸችብኝ፤ አጥብቃ እየረገጠች» ይላሉ፤ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ምግቤን እበላለሁ። ሰፈሩም ይዞት ሄደ። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠችም። አንድ ቀን የሥራ ቦታዋ ሹፌር ታሞ እሷ እንድትነዳ ሲጠይቋት «እኔ መኪና አበላሻለሁ» ማለቷን ከእህቴ ሰማሁ።

ዝም ያልኩት ለምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ገንዘቡን ክፈል እባላለሁ ብዬ ፈርቻለሁ፤ ይህ አለበት። የበለጠው ግን ያ «ቪትዝ ከሆነ እሱን ጠይቁ» የሚለው ስም ነው። በዚያ ስም ብዙ ደስ ይለኝ ነበር። ስሙን ላለማጣት የሰውን ልጅ ስም አሳልፌ ሰጠሁ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ሲከለከል አገር ውስጥ ያሉት ቪትዞች እንደገና ተፈላጊ ሆኑ፤ ሰዎችም እንደገና እኔ ዘንድ ይመጡ ጀመር። አንድ ጎረምሳ ሊገዛ ያሰባትን ቪትዝ እንዳይለት ለመነኝ። ሄድኩ። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ያነበብኩት የሻንሲ ቁጥሩን ነው። ከዚያ ላሜራው ላይ የተመታውን ፈልጌ ከሊብሬው ጋር አመሳከርኩ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ገብቼ ፔዳሉን ተከተልኩ፣ ሻጩ ዘንድ ደወልኩ፣ መጨረሻ ላይ ጋራዥ አስነሳኋት። ሁሉም አንድ ጠዋት አልፈጀም። ልጁ እያመሰገነኝ ስንመለስ የእትዬን ልጅ ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ታክሲ ሰልፍ ላይ አየኋት። ሰላምታ ሰጠችኝ። ምስጋናውን መስማት አልቻልኩም።

ከዚያ ቀን በኋላ እቤታቸው ሄድኩና ሁለቱንም አንድ ላይ እንዲቀመጡልኝ ለመንኩ። ከሊብሬው ጀምሬ እስከዚያች ሐሰት ድረስ ሁሉንም ነገርኳቸው። እትዬ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉ፤ ቀጥለውም ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩና ማልቀስ ጀመሩ። ልጅቷ አላለቀሰችም። እያንዳንዱን በተራ ጠየቀችኝ።

«የማታው መብራትስ?»

«ልክ ነበርሽ።»

«የዝናብ መጥረጊያውስ?»

«ልክ ነበርሽ።»

«ፍሬኑንስ የነገርኩዎት?»

«ልክ ነበርሽ፤ ከሁሉም በላይ እሱን።»

«ጋራዥ እንውሰዳት ያልኩዎትስ ቀን?»

ለዚህ ድምፅ አልወጣልኝም። አንገቴን ነቀነቅሁ።

ከዚያ ወር ጀምሮ ከደመወዜ እየቆረጥኩ ለእትዬ እከፍላለሁ፤ ገና ብዙ ይቀረኛል። ፍሬኗ በትክክል ሳይሠራ መኪናዋን ለሌላ ሰው ላለመሸጥ ሦስታችንም ተስማምተናል።

ይህን የማነብላቸው የሰፈሬ ሰዎች አላችሁ፤ ለቅሶ ቤት አብረን የተቀመጥን፣ ሠርግ ቤት አብረን የበላን። ወሬውን ስትሰሙ እኔ አጠገባችሁ ነበርኩ፤ አላስተባበልኩም። አሁን ስሙኝ፤ ለሰማም ላልሰማም ንገሩልኝ። መኪናዋን ያበላሸቻት እሷ አይደለችም።